ያልነበረው ማይክሮፎን

ዛሬ የጻፍኩት ትንሽ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡና ይዛችሁ፣ ጊዜ የሌላችሁ ደግሞ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። መጻሕፍትን በድምፅ እያነበበ ዩቲዩብ ላይ ሊጭን አስቧል። (ክፍል ውስጥ ምንባብ አንብብ ሲባል ዴስክ ሥር ይደበቅ የነበረ ልጅ ነው። ጊዜ የማያሳየው ነገር የለም!) ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ቲቸር፣ ያለኝ ማይክ ርካሽ ነው። ግን የማይክ ሞዴሊንግ ሶፍትዌር የሚባል ነገር አለ አሉኝ። እሱን ብጠቀም ድምፄ በኒውማን የተቀዳ ይመስላል ወይ? እርስዎ ሞክረውታል ሲባል ሰምቻለሁ።»

አዎ፣ ሞክሬዋለሁ። መልሱ ግን በአንድ የድምፅ መልእክት የሚያልቅ አልሆነልኝም። በዚህ ጉዳይ ዕዳ አለብኝ። የአባቴ ዕዳ ነው፤ የእናቴም ጭምር። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም አንድ ላይ ልጻፈው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

አባቴ ገበሬ ነበር። ከቁይ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው ያረሰው፤ እዚያው ነው ያረፈው። በወጣትነቱ በመንደሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ ነበር አሉ። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሞቅ ሲለው ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያቺን ነፍስ ታዲያ በከንቱ አያባክኗትም፣ ለ«ከመጻሕፍት ዓለም» ነው የሚቆጥቧት። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርክበት ጊዜ ነው። ለሌላው አገር ሰው ልብ ወለድ ነው፤ ለእኛ ሰፈር ግን የጎረቤት ወሬ ነበር። ዲማ እኮ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አባቴ ሰብለ ወንጌልን የሚያውቃት እንደ ዘመድ ልጅ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻን ሲያማቸው ብትሰሙ ደግሞ እሱን በግሉ ያስገበሩት ይመስላችኋል።

እኔ ተማሪ ሆኜ ማታ ማታ በኩራዝ የአማርኛ መጽሐፌን ጮክ ብዬ ሳነብ፣ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ «እንደ ወጋየሁ አንብበው እንጂ! ቃሉን አትዋጠው!» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ያ ድምፅ ከሰውዬው ጉሮሮ ብቻ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ አንድ ምስጢራዊ ዕቃ ያለ፣ ሰው ሁሉ ፊቱ ቢቆም ወጋየሁን የሚያደርገው ዕቃ ያለ ይመስለኝ ነበር። ይሄ የልጅነት እምነት አድጌም አልለቀቀኝም። አሁን የምነግራችሁ ጥፋት ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። መጀመሪያ ለ15 ቀን ነበር የተባለው፤ ታስታውሳላችሁ። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ እኔም የአማርኛ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳሁ በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ። ስልክ ያለው ከሌለው ጋር እየተካፈለ ይሰማል በሚል ነው። በመጀመሪያ የቀዳሁት በስልኬ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲጀምር መምህሩ ዝም ይላል። ክፍል ውስጥም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ሐምሌ ከመጣ ማን ይሰማችኋል? ስለዚህ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነበር የምቀዳው። ጎረቤቴ ስለ ጤንነቴ ሳይጠራጠር አልቀረም።

በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክሮፎን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ድምፄ ጠራ፤ ግን ቀጭን ሆነብኝ። በሬዲዮ እንደማውቀው ድምፅ ደረት የለውም። ይህን ባሕር ዳር ስቱዲዮ ውስጥ ለሚሠራ ሌላ ተማሪዬ ሳጫውተው፣ ቁይ ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ በፍላሽ አንድ ሶፍትዌር ይዞልኝ መጣ። ፈቃድ ያለው ይሁን የሌለው አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለምና።

ስከፍተው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ታላላቆቹ ማይክሮፎኖች በየተራ ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የበርሊኑ ኒውማን ዩ 47፣ በ1953 የወጣው የቪየናው ኤኬጂ ሲ 12፣ በ1967 የወጣውና እስከ ዛሬ በየስቱዲዮው የሚታየው ኒውማን ዩ 87። ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ የሚሸጡበት ዋጋ የእኔን የብዙ ዓመት ደመወዝ ይበላል። እዚህ ግን በአንድ ክሊክ ይለዋወጣሉ። ጋቢ ውስጥ የተቀዳው የቁይ መምህር በርሊን ገባ ማለት ነው!

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በእኛው ቤት ምሳሌ ነው የማስረዳው።

እናቴ ወተት የምትይዝበት ቅል አላት፤ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ከዚያ ቅል የተቀዳ ወተት የራሱ ቃና አለው። የዚያችው ላም ወተት በላስቲክ ጀሪካን ቢቀመጥ ደግሞ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ማይክሮፎንም ዕቃ ነው። ድምፅን እንዳለ የሚያሳልፍ ማይክሮፎን የለም፤ ሁሉም የራሱን ቃና ይጨምራል። አንዱ ቀጫጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ አንዱ ወፍራሙን ያደልባል፣ አንዱ መሐሉን ገፋ አድርጎ ያወጣል። ባለሙያዎች ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚታወቅ ድምፅ እያሰሙ ማይክሮፎኑ ምን እንደጨመረ፣ ምን እንደቀነሰ ይለካሉ። የዚያ ማይክሮፎን አሻራ ይሄ ነው። ሶፍትዌሩ ታዲያ መጀመሪያ የእናንተን ማይክሮፎን አሻራ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ የታላቁን ማይክሮፎን አሻራ ይጨምራል። የላስቲኩን ጠረን አውጥቶ የወይራውን ማስገባት በሉት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በኦቶ ቲዩን የምናውቀው የአንታረስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር አውጥቶ ነበር። የተቀዳበትን ማይክሮፎን ከዝርዝር ትመርጣላችሁ፣ እንዲሆንላችሁ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ፣ የአፍና የማይክሮፎኑን ርቀት ትሞላላችሁ፤ ካሻችሁ የድሮ ቱቦ ማጉያ ሙቀትም ትጨምሩበታላችሁ። በኋላ የመጡት ደግሞ ማይክሮፎኑንም ራሳቸው ሠርተው ከሶፍትዌሩ ጋር ይሸጣሉ። ስሌት ዲጂታል ኤምኤል 1 የሚባል የራሱ ቃና እምብዛም የሌለው ማይክሮፎን አለው። ታውንሴንድ ላብስ የሠራው ስፊር ኤል 22 ደግሞ ፊትና ኋላውን በሁለት መስመር ለየብቻ ስለሚቀዳ፣ ማይክሮፎኑ ወደ የት ወደ የት ይሰማ እንደነበር ከቀረጻ በኋላ መለወጥ ያስችላል። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒቨርሳል ኦዲዮ ገዛው። እነዚህ የተሻለ የሚሠሩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሶፍትዌሩ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል። ወተቱ በምን ዕቃ እንደነበረ በርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የትኛውን ጠረን ማውጣት እንዳለበት አይሳሳትም።

እኔ ምን አደረግኩ? በርሊንን መረጥኩ፣ ርቀቱን «በጣም ቅርብ» አልኩት። አቅጣጫ የሚመርጥ ማይክሮፎን አፍ ሲጠጉት ባስ ይጨምራል፤ የሬዲዮ ጋዜጠኞች ወፍራም ድምፅ አንዱ ምስጢር እሱ ነው። ሶፍትዌሩም ይህንኑ አስመስሎ ይጨምራል። ድምፄ ወፈረ። በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁትና ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ለተማሪዎቼ ላክሁት። የመጀመሪያው መልስ «ቲቸር፣ ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?» የሚል ነበር።

ይባስ ብሎ ያ ትምህርት የቃል ጽሕፈት ነበር። «ሰማዩ ጠራ» ያልኩትን ብዙዎቹ «ሰማዩ ተራ» ብለው ጽፈው ላኩልኝ። እነሱ ምን ያድርጉ? የሚሰሙት በትንሽ የስልክ ስፒከር ነው። ስፒከሩ ያን ሁሉ ባስ መሸከም ስለማይችል ይንተከተካል፤ «ጠ»ን ከ«ተ» የምትለየው ያቺ ትንሽ ፍንዳታ በመሐሉ ትዋጣለች። አባቴ ቃሉን አትዋጠው ይለኝ አልነበር? በርሊን ድረስ ሄጄ ዋጥኩት!

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ስቀዳ ባሱን ቀነስኩ። ግን በሽታው አልለቀቀኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በዚያው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። አንድ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን አባቴ የድሮውን ማውራት ጀመረ። ስልኬን አውጥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩና ቀዳሁት፤ 31 ደቂቃ። ስለ አያቴ አወራ፣ ስለ ሬዲዮዋ አወራ፣ እርፍ ከጨበጠበት ቀን ጀምሮ ያረሰባቸውን በሬዎች አንድ በአንድ በስም ጠራ፦ ቦራ፣ ዳማ፣ ደግሞ ቦራ... በመሐል ወደ እናቴ ዞሮ «አንቺ፣ ያን እሳት ቆስቁሽው እስቲ፤ ልጁን በርዶታል» አላት። እሳቱ ሲቆሰቆስ ተንጣጣ። እናቴ በጭሱ ሳለች። አባቴ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ።

የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ስለነበር «ስ» ሲል ያፏጫል። ሙሉ ሰላሳ አንዱ ደቂቃ ፉጨት አለበት።

ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩት። የስልኩ ሚሞሪ ሲሞላ ከስልኩ አጠፋሁት። ላፕቶፑ ላይ አለ ብዬ ነዋ።

አባቴ በጥር 2014 ዓ.ም. አረፈ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ዘመድ ሁሉ በሚሰበሰብበት ድምፁን ላሰማ አሰብኩ። ደግሞ እንዲያምር ፈለግኩ። ዕድሜውን ሙሉ የሬዲዮ ድምፅ ሲያደንቅ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የራሱ ድምፅ እንደ ሬዲዮ ቢሰማ ምን ነበረበት አልኩ። ሐሳቤ ክፉ አልነበረም። ይሄን እመኑልኝ።

ሁለት ሌሊት ሠራሁ። የእሳቱን መንጣጣት «ጫጫታ» ብዬ በማጽጃ አጠፋሁት። የእናቴን ሳል ቆረጥኩት። እሳቱን ቆስቁሽው ያለውንም ወሬውን ያቋርጣል ብዬ አወጣሁት። ፉጨቱን በሌላ መሣሪያ አፈንኩት። ከዚያ የማይክሮፎኑን ሶፍትዌር ከፈትኩ። «በምን ተቀዳ?» ይላል። ስልክ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በግምት አንዱን ነካሁ። «ምን ይሁን?» የበርሊኑን። ርቀት? ቅርብ። ሙቀት? ጨምር።

ሲያልቅ በዚያው በድሮው ስም ሴቭ አደረግኩት። ላፕቶፑ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። «መተካት ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ጥር 2015። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰው ከበላና ከጠጣ በኋላ በተከራየነው ስፒከር ለቀቅኩት። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ፣ አክስቴ አለቀሰች። አንድ የሰፈር ሽማግሌ «ወይ ጉድ! ልክ እንደ ሬዲዮ!» አሉ። ያን ስሰማ ልቤ ሞላ። ለዚህች ቃል ነው የደከምኩት።

እናቴ ምንም አላለችም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብርጭቆ ስትሰበስብ አጠገቧ ሆኜ ላግዛት ስሞክር፣ ቀና ሳትል «አንተ ልጅ» አለችኝ፤ «እኔንስ የት አደረግኸኝ?»

አልገባኝም። ምን ማለትሽ ነው እማ አልኳት።

«ያን ማታ እኔም ነበርኩ እኮ። እሳቱን ቆስቁሽው ብሎኝ አልነበር? ልጁን በርዶታል ብሎኝ አልነበር? ሲመጣ ሲመጣ እጠብቃለሁ፣ አለፈኝ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጨመረች፤ «ይሄ ጥርስ ያለው ሰው ነው።»

እዚያው ቁጭ አልኩ።

ሌሊቱን ላፕቶፑን ስበረብር አደርኩ። የተሰረዙ ፋይሎችን የሚመልስ ፕሮግራምም ሞከርኩ። የለም። በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፤ ጽፈኸው ደግሞ የጠፋው ፋይል የትም አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ሶፍትዌሩ አልዋሸኝም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሥራው አንድ ነው፣ በድምፁና በፋይሉ መካከል ያለውን ዕቃ መለወጥ። ማይክሮፎኑ ጋ የደረሰው ድምፅ ግን የማይክሮፎኑ አይደለም። ክፍሉ፣ ርቀቱ፣ እሳቱ፣ በግራ በኩል የተቀመጠችው እናቴ ከማይክሮፎኑ በፊት ያሉ ነገሮች ናቸው። የስልክ ማይክሮፎን ደግሞ ከሞላ ጎደል ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሰማው። ከፊት የመጣውም ከጎን የመጣውም፣ ከግድግዳ ነጥሮ የተመለሰውም አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይገባል። አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ አንዱን ማስተካከያ ስትጭንበት ሁሉም ላይ ያርፋል። ወተት ውስጥ ውኃ ከገባ ቅሉን ብታጥን ምን ዋጋ አለው?

ደግሞ ርቀት ባስ ብቻ አይደለም። እኔ «ቅርብ» የሚለውን ነክቼ አባቴን ያቀረብኩት መስሎኝ ነበር። በዚያ ምሽት ግን በእኔና በእሱ መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ነበር። ለእናቴ የተናገረው ደግሞ ዞር ብሎ ነው፤ ዞር ሲል ድምፁ ይለወጣል። ቅርብ የነበርነው በዚያ ነው። እኔ የቆረጥኩት እሱን ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ቅጂዎች የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ የተቀዱ። አስቡት፣ በዚያ ጊዜ በማይክሮፎን ሸክላ መቅዳት አልተጀመረም። በኤሌክትሪክ መቅዳት ሥራ ላይ የዋለው በ1925 ነው። ሰው እንደ ቀንድ ወደተሠራ መለከት አፉን ጠግቶ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን ገፍቶ ሰሙ ላይ ይጽፋል። እኔ ሌሊት በክሊክ የመረጥኩት ዩ 47 በዚያችው ከተማ የወጣው ከ41 ዓመት በኋላ ነው። ተሰማ እሸቴ ያለ ማይክሮፎን ተቀድተው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ዛሬም ይሰማሉ። ቅጂው ይንሻጠጣል፣ ድምፁ የራቀ ነው፤ ሰውየው ግን አሉ። እኔ ዘንድ ቅጂው ጠርቷል፣ ሰውየው ነው የራቀው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ አልጽፈውም ነበር። ከሙት ዓመቱ በኋላ ደብረ ማርቆስ ያለችው እህቴ አንድ ቀን ደወለች። ያኔ፣ ገና አባቴን የቀዳሁ ማግስት፣ ከመጀመሪያው ቆርጬ በቴሌግራም ልኬላት ኖሯል። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ምንም ነገር የማታጠፋ ሰው ናት፤ ስልኳ ሁሌም ሞልቷል እያልኩ ስስቅባት ነበር። አራት ደቂቃ ነው። እሳቱን ቆስቁሽው የሚለው እዚያ ውስጥ የለም፤ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ግን ፉጨቱ አለ። እሳቱ ይንጣጣል። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ሲንጫጩ ይሰማል።

ለእናቴ አሰማኋት። አራት ደቂቃውን ሙሉ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። መጨረሻው አካባቢ ሳል አለ። እጇን አንስታ ስልኩን በጣቷ አመለከተችኝና «ይቺ እኔ ነኝ» አለች። አሁን በሬዲዮዋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው ያለው። አልፎ አልፎ ትከፍተዋለች አሉ።

ያ ዓረፍተ ነገር ግን የትም አልተረፈም። በእሷና በእኔ ጆሮ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው እዚህ ላይ በጽሑፍ ያስቀመጥኩት። «አንቺ፣ ያን እሳት ቆስቁሽው እስቲ፤ ልጁን በርዶታል።»

እሺ፣ አሁን ለጥያቄህ ልመልስ ተማሪዬ። ሶፍትዌሩን አትጠቀም አልልህም። እኔም ለትምህርት ስቀዳ እስከ ዛሬ በመጠኑ እጠቀምበታለሁ። ለራስህ ድምፅ፣ ለምትተርከው መጽሐፍ ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ጥቂት ነገሮች ልምከርህ፦

1. ዋናውን ፋይል አትንካ። ምንም ነገር ከማድረግህ በፊት «ዋናው» ብለህ ከነቀኑ ስም ስጠውና ሁለት ቦታ አስቀምጠው። የምትሠራው በግልባጩ ላይ ብቻ ይሁን። «መተካት ይፈልጋሉ?» ሲልህ እኔን አስታውስ።

2. ከሶፍትዌሩ በፊት ክፍሉን አስተካክል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ ከብዙ ሶፍትዌር ይበልጣሉ። የክፍል ማስተጋባት አንዴ ከገባ ማይክሮፎን በመቀየር አይወጣም። አፍህን ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር አርቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው፤ «ጵ» እና «ፕ» ስትል ትንፋሽህ በቀጥታ እንዳይመታው።

3. «በምን ተቀዳ?» ሲልህ እውነቱን ንገረው። ማይክሮፎንህ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ እንደ እኔ አትገምት። የተሳሳተ ዕቃ ጠረን ካወጣህ የሌለውን ነው የምታወጣው። ያኔ ተራውን የድምፅ ማስተካከያ በትንሹ ብትጠቀም ይሻላል።

4. በፊትና በኋላ ያለውን ስታወዳድር ሁለቱን እኩል ጩኸት ላይ አድርጋቸው። ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ ነው» ይላል። እኔ በርሊን ያልኩት ነገር ግማሹ ጩኸት ብቻ ነበር።

5. ያልተቀዳ ነገር አይመለስም። ከመጠን በላይ ጮኾ የተቆረጠ ድምፅ በማንም ማይክሮፎን አይጠገንም። ብዙ የድሮ ስልኮች ኤኤምአር በሚባለው ዓይነት ሲቀዱ በሴኮንድ 8,000 ናሙና ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ስለዚህ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው እዚያ ውስጥ ጭራሽ የለም። የ«ሰ» ጥራት ብዙው ያለው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። የሌለውን ከፍ ብታደርገው ሌላ ጫጫታ ነው የምታገኘው።

6. በመጨረሻ በርካሽ ስልክ አዳምጠው። የሚሰሙህ ሰዎች የሚሰሙህ በዚያ ነው። «ጠራ» እና «ተራ» ካልተለዩ ኒውማንም አያድንህም።

እና ድምፄ በኒውማን የተቀዳ ይመስላል ወይ ላልከኝ፣ ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው ላይለየው ይችላል። ንባቡ ግን ያንተው ነው የሚሆነው፤ ቃሉን ከዋጥከው በኒውማንም ቢሆን የተዋጠ ነው የሚሰማው። ይሄን ያለው አባቴ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

የእናት የአባትህ ድምፅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። እሱን ቅዳው፣ አስቀምጠው፣ ተወው። የበግ ድምፅም ይኑርበት፣ ሳልም ይኑርበት፣ ጎረቤት ገብቶ እንዴት ዋላችሁም ይበል። ዛሬ ጫጫታ የምትለው ነገር የኋላ ኋላ ማን እንደሚፈልገው አታውቅም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ እናቴን ልቀዳት ሄጄ ነበር። ስልኬን አውጥቼ መደቡ ላይ ሳስቀምጥ እሳቱን ቆሰቆሰችና ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬስ ማንን ነው የምታወጣው?» አለችኝ።

ማንንም አልኳት።

ቸር ሰንብቱልኝ።
ከቁይ